ኢንተሰሰፕሽን፦ ሕፃኑ "አሜባ ነው" ተብሎ ከመሸኘቱ በፊት (ለወሎ ጤና ባለሙያዎች)

ወገልጤና (ጤና መኮንን)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ስለ ኢንተሰሰፕሽን የተበታተነውን ነገር አንድ ቦታ እንድንሰበስበው ነው። ለጀማሪዎች ባጭሩ፦ የላይኛው አንጀት፣ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚሰበሰበው፣ ከታችኛው ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ሲገባ የደም ስሩን ይዞ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ደም መልሱ ይታነቅና አንጀቱ ያብጣል፣ ደምና ንፍጥ ያዣል። ቀጥሎ ደም ቅዳው ይዘጋና አንጀቱ ይሞታል። በሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ ነው ወደ ትልቁ አንጀት የሚገባው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አልትራሳውንድ በሌለበት፣ ወይም ማሽኑ ኖሮ ማታ የሚያነሳው ሰው በሌለበት፣ ከአሜባና ከሺጌላ እንዴት እንለየው? ሪፈር ከመጻፉ በፊት ምን ይሠራ? በሳላይን መመለሱስ (ሳላይን በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀቱን በግፊት መመለስ) ምን ዕቃ ይፈልጋል፣ የትስ ነው የሚሞከረው? ስለ አዋቂም የሚያውቅ ይጨምርበት።

---

ከጦሳ ሥር (የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ)

ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ። መጽሐፉ ላይ ያሉት ሦስቱ ምልክቶች (ቁርጠት፣ የሚዳሰስ እብጠት፣ ደም የቀላቀለ ንፍጣም ሰገራ) አንድ ላይ የሚገኙት ከግማሽ በታች በሚሆኑት ሕፃናት ነው። ሦስቱ እስኪሟሉ ልጠብቅ ያለ ሰው አንጀቱ እስኪሞት ነው የሚጠብቀው። ደሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ነው፤ ከ5 እስከ 9 ወር ያሉት ይበዛሉ። ወንዶች ይበልጣሉ። ብዙ ጊዜ ደህና የነበረ፣ የፋፋ ልጅ ነው፤ ከቀናት በፊት ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይዞት የነበረ። ቫይረሱ በቀጭኑ አንጀት ጫፍ ያሉትን ንፍፊቶች ያሳብጣቸዋል፣ አንጀቱ ያንን እብጠት እንደ ምግብ ወደ ፊት ሲገፋው የቀረውን ይዞ ይሄዳል። ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ከዚህ ሌላ ምክንያት አይገኝም። በቀሩት ሜከል ዳይቨርቲኩለም (ከልደት ጀምሮ ያለ የቀጭኑ አንጀት ከረጢት)፣ ፖሊፕ፣ ድርብ አንጀት ወይም ሊምፎማ ይገኛል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ይህ ይበዛል።

ቁርጠቱ ድንገት ይጀምራል። ልጁ ይጮኻል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይገረጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለቀዋል፤ ጡት ሊጠባ፣ ሊጫወት ወይም ሸለብ ሊያደርገው ይችላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። ወረፋው ደርሶ እናንተ ፊት የሚቀርበው በለቀቀው ሰዓት ከሆነ "ምንም የለበትም" ተብሎ ይሄዳል። እናቲቱን "ያለማቋረጥ ነው የሚያለቅሰው ወይስ ይዞ ይለቀዋል? ሲለቀውስ እንዴት ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አንዱን ጥቃት በዓይን ማየት ከሰገራ ምርመራ ይበልጣል።

ጨርሶ የማያለቅስም አለ። ፈዝዞ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ ቢቆነጥጡት ቶሎ የማይነቃ ሆኖ ይመጣል። ማጅራት ገትር ይመስላል፤ ከባቲና ከቆቦ ቆላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ወባ ተብሎ ይያዛል። የፈዘዘ ሕፃን ሆድ ሳይዳሰስና ፊንጢጣው ሳይታይ ሉምባር ፐንክቸር (ከወገብ የሚቀዳ የፈሳሽ ምርመራ) ብቻ ተሠርቶ ማለፍ የለበትም።

ከደም ተቅማጥ የሚለይበት ነገር፦ በተቅማጥ ትኩሳቱና የሚበዛው ሰገራ ይቀድማል፣ ደሙ ከሰገራ ጋር ነው፣ ማስመለሱ ትንሽ ነው። በኢንተሰሰፕሽን ማስመለስና ቁርጠት ይቀድማሉ፣ መጀመሪያ የወተት ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰገራው እየቀነሰ ይሄድና ዳይፐሩ ላይ ከሰገራ ይልቅ ጥቁር ቀይ፣ ረጋ ያለ፣ ንፍጥ የበዛበት ነገር ይገኛል። ላቦራቶሪው "አሜባ" ብሎ ቢጽፍ እንኳ ይህን ታሪክ አያስቀረውም። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በእኛ አገር ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አሜባ ያልተጻፈበት ሕፃንም ጥቂት ነው።

ሆዱን የምትዳስሱት ሲለቀው ነው። ከቀኝ ጎድን ሥር ሞላላ፣ ጠንከር ያለ እብጠት ፈልጉ፤ የታችኛው ቀኝ ጎን ባዶ ሆኖ ይሰማል። ብሽሽቱን ለቡአ እዩ። በመጨረሻ በትንሿ ጣት ፊንጢጣውን መርምሩ፤ ጣቱ ላይ ደም ካለ ወይም የገባው አንጀት ጫፍ እንደ ማሕፀን አንገት ከተሰማ ነገሩ አለቀ።

---

ኮምቦልቻ ፋርማሲ

ከእኛ በኩል አንድ ነገር። "ሆዱን ቆረጠው" ተብሎ የሚገዛው የቁርጠት ሽሮፕ፣ ሃዮሲን (ባስኮፓን) እና ፍላጂል ነው። ይዞ የሚለቅ ቁርጠት ካለና ልጁ ካስመለሰ ምን ብዬ ልመልሳቸው?

---

ከጦሳ ሥር

ምንም ሳትሸጥ ላካቸው። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ በሚለቅ ቁርጠት ካለቀሰና ካስመለሰ በዚያው ቀን ይታይ፤ አረንጓዴ ካስመለሰ ወይም ደም ካለ በዚያው ሰዓት። ሃዮሲን አንጀቱን አይመልሰውም፣ ለቅሶውን ብቻ ይቀንስና አንድ ሌሊት ያስበላል። ጡት በአፍ እንዳይሰጡት፣ ሆዱንም እንዳያሳሹት ንገራቸው። የታነቀ አንጀት ሲታሽ ሊቀደድ ይችላል። ግግ ነው ተብሎ ድድ መፈልፈልና ቅቤ ማስዋጥ ደግሞ ኢንፌክሽንና ወደ ሳምባ የሚገባ ፈሳሽ ይጨምራል እንጂ የሚያመጣው የለም።

---

ሐይቅ ዳር (ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል)

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ከሪፈር በፊት ያለው ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አትጸጸቱበት። ደርቆ የተነሳ ሕፃን መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው።

አፉ ይዘጋ፣ ጡትም ጭምር። ካኑላ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው፣ 24 ወይም 22 ቁጥር። ደም ስር ከጠፋ በአጥንት ውስጥ። ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን 20 ሚሊ በኪሎ፤ ለ8 ኪሎ ልጅ 160 ሚሊ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ። ከዚያ ልብ ምቱን፣ የእጁን ሙቀትና ቆዳው ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ የሚመለስበትን ጊዜ እንደገና አይታችሁ ካልተስተካከለ ድገሙት። የከፋ የምግብ እጥረት ያለበት ከሆነ ግን ይህን አታድርጉ፤ በሾክ ጊዜም 15 ሚሊ በኪሎ በአንድ ሰዓት ነው፣ ትንፋሹንና ልብ ምቱን እየቆጠራችሁ። ቀጣዩ ጥገና ለ8 ኪሎ በሰዓት 32 ሚሊ ገደማ። ዳይፐር መዝኑ፤ ሽንት በሰዓት በኪሎ ቢያንስ 1 ሚሊ መውጣት አለበት።

ስኳሩን ለኩ። ዝቅ ካለ 10 በመቶ ግሉኮስ 5 ሚሊ በኪሎ። ያለን 40 በመቶው ነው፤ አንዱን እጅ ከሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ ማለትም 10 ሚሊ ከ30 ሚሊ ጋር። 40 በመቶውን እንዳለ በሕፃን ደም ስር መግፋት ስሩን ያቃጥላል።

ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ) 8 ቁጥር፣ ከፍ ላለው ልጅ 10። ከአፍንጫ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት ጫፍ ለክታችሁ አስገቡ፣ መጨረሻውን ክፍት አድርጋችሁ ወደ ከረጢት አውርዱት። አምቡላንስ ውስጥ ቲዩቡ እንዳይቆነጠጥ ለአጃቢው አሳዩ። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይሁን።

ሴፍትሪያክሶን 50 ሚሊግራም በኪሎ፣ ሜትሮኒዳዞል 7.5 ሚሊግራም በኪሎ። ሴፍትሪያክሶንን ከሪንገር ጋር በአንድ መስመር አታስኬዱ፣ ካልሲየሙ ይረጋል፤ መስመሩን በሳላይን እጠቡና ስጡ። የደም ዓይነትና ሄሞግሎቢን ከተቻለ እዚያው ይሠራ።

ከመነሳታችሁ በፊት ለሊያዞን (ለሪፈር አስተባባሪው) ደውሉ። ወረቀቱ ላይ "ተቅማጥና ማስመለስ" ተብሎ ከተጻፈ ልጁ ተቅማጥ ክፍል ነው የሚገባው። "ኢንተሰሰፕሽን ተጠርጥሯል" ብላችሁ፣ ከሕመሙ መነሻ ሰዓት፣ ከሰጣችሁት ፈሳሽ መጠንና ከክብደቱ ጋር ጻፉት። የጤና መድን ደብተሩንም አትርሱት፤ ቤተሰቡ ለሱ ተመልሶ ሲሄድ ሌላ ግማሽ ቀን ይጠፋል።

---

ወገልጤና

አብሽሪ ሲስተር፣ አትሜ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ነው። ራጅ ብቻ ያለን ቦታ ራጁ ይረዳል?

---

ጥቁር ነጭ (ራዲዮሎጂ)

ራጅ የሚረዳው ሌላ ነገር ለመፈለግ ነው፦ ቀዳዳ ተፈጥሮ የወጣ አየርና የአንጀት መዘጋት። ደህና መስሎ መታየቱ ኢንተሰሰፕሽንን አያስቀርም።

አልትራሳውንድ ግን በሠለጠነ እጅ ከሞላ ጎደል አያመልጠውም፤ ይህን መማር ደግሞ ከጽንስ መለካት አይከብድም። ሊኒየር (ጫፉ ቀጥ ያለውን) ፕሮብ ያዙ፣ የሆዱን ሰፊውን ፕሮብ አይደለም። ከቀኝ ታች ጀምራችሁ ትልቁን አንጀት ተከትላችሁ ወደ ላይ፣ ከጉበቱ ሥር አግድም፣ ከዚያ ወደ ግራ ውረዱ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጉበትና ከሐሞት ከረጢት አጠገብ ነው። በአግድም ሲቆረጥ ክብ በክብ ውስጥ ይታያል፣ በመሐሉ ነጭ ስብና ትናንሽ ንፍፊቶች አሉ። በቁመት ሲታይ ኩላሊት ይመስላል፤ እውነተኛው ኩላሊት ከጀርባ እንዳለ አረጋግጡና ፕሮቡን አዙሩት።

ልኩት። ወደ ትልቁ አንጀት የገባው አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ አጭር፣ ቀጭኑ አንጀት ላይ ብቻ ያለ፣ እያያችሁት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ራሱ የሚፈታ ነው። በተቅማጥ ሕፃን ላይ በአጋጣሚ ይታያል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና እዩ፣ ለቀዶ ክፍል አትደውሉ። ሰገራ የሞላበት አንጀትና በባክቴሪያ ያበጠ የአንጀት ግድግዳ ደግሞ ከሩቅ ክብ ይመስላሉ፤ ውስጡ ስብ የሌለው ክብ ኢንተሰሰፕሽን አይደለም።

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የታሰረ ፈሳሽ አለ ወይ? ዶፕለር (የደም ፍሰት ማሳያው) ላይ ደም ይሄዳል ወይ? ፈሳሽ ታስሮ ደም ከሌለ በሳላይን መመለሱ የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል።

---

ቦርከና (የቀዶ ሐኪም)

በሳላይን ስለመመለሱ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ፣ ነጻ አየር ያለው፣ ወይም ከፈሳሽ በኋላም ከሾክ ያልወጣ ልጅ አይነካም፤ በቀጥታ ኦፕራሲዮን። የቀረው ይሞከር፤ ግን ቀዶ ክፍሉ ባዶ፣ ማደንዘዣ ባለሙያው ግቢ ውስጥ፣ ደሙ ተዘጋጅቶ መሆን አለበት። ከ48 ሰዓት በላይ የቆየውን እኔ አልሞክርም። ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ደግሞ ብዙው ሦስተኛ ቀኑ ነው።

---

ጥቁር ነጭ

ዶክተር፣ በመጨረሻዋ አልስማማም። የቀኑ ብዛት ብቻውን ክልከላ አይደለም። የመሳካት ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ልጁ ከተረጋጋ፣ ሆዱ ለስላሳ ከሆነና ዶፕለር ላይ ደም ካለ ሦስተኛ ቀኑም ቢሆን ይሞከራል። ያለበለዚያ ልክ በሩቅ መንገድ የመጣውን ልጅ ነው የሆድ ቀዶ የምንፈርድበት።

አሠራሩ ይኸውላችሁ፦

ኖርማል ሳላይን ብቻ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ሶዲየሙን ያወርደውና ልጁ ይንቀጠቀጣል። 1 ሊትሩን ከረጢት ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ ወደ 37 ዲግሪ አምጡት፤ ቀዝቃዛው ልጁን ያበርደዋል፣ አንጀቱንም ያኮማትረዋል።

ፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቱቦ) ከ16 እስከ 22 ቁጥር። ቅባት ቀብታችሁ ፊንጢጣ ውስጥ አስገቡ፣ ፊኛውን በ20 ሚሊ ውሃ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ እስከ 30 ይኬዳል፣ ግን እጃችሁ ላይ ከባድ ተቃውሞ ከተሰማ አቁሙ። ፊኛውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለቱን መቀመጫ አጥብቃችሁ በፕላስተር እሠሩ፣ አንድ ሰው በእጁ ይጫን። ብዙ ጊዜ የሚያከሽፈው እዚህ ነው፤ በጎን እየፈሰሰ ከሆነ ከላይ ያለው ከፍታ ምንም ግፊት አይፈጥርም።

ከፍታው ልጁ ከተኛበት ጠረጴዛ 100 ሴንቲ ሜትር፣ ካልበቃ እስከ 120። 100 ሴንቲ ሜትር ውሃ ወደ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የግሉኮስ ቱቦ ጠባብ ስለሆነ በጎን የሚፈሰውን ያህል እንኳ አይተካም፤ ኢነማ ካን ወይም ሰፊ የማጠቢያ ቱቦ ይሻላል። ከረጢቱን በእጅ አትጭመቁ። የምታውቁት ግፊት ከፍታው ብቻ ነው፣ እጅ ከገባበት ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል።

ፕሮቡን እብጠቱ ላይ አድርጋችሁ ተከታተሉት። ፈሳሹ ትልቁን አንጀት ሲሞላ እብጠቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ታች ይሸሻል። ሲከም (የትልቁ አንጀት መጀመሪያ) ላይ ሲደርስ ጥቂት ይቆማል፤ በሩ ስለሚጠብ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ሙከራ 3 ደቂቃ ያዙ፣ አሳርፉት፣ እስከ ሦስት ጊዜ ድገሙ። ተሳካ የሚባለው እብጠቱ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ፈሳሹ በሲከሙ በር አልፎ ቀጭኑን አንጀት ሲሞላው ስታዩ ነው። ያበጠው በር ራሱ ትንሽ እብጠት ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

በከፊል ከተመለሰና ልጁ ደህና ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ እንደገና ይሞከራል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን በመሞከር ጊዜ አታባክኑ። በጥሩ ቡድን ከ10 ልጆች 8 ወይም 9ኙ ይሳካሉ፤ የመቀደድ አደጋው ከ100 አንድ ገደማ ነው። ድንገት ሆዱ ከተነፋና እብጠቱ ሳይሸሽ ፈሳሽ ከአንጀት ውጭ ከታየ ቱቦው ይዘጋ፣ ወደ ቀዶ ክፍል።

---

ቦርከና

ለስላሳ ሆድ፣ የተረጋጋ ልጅ፣ ዶፕለር ላይ ደም፤ ሦስቱ ካሉ እሺ፣ ሦስተኛ ቀኑንም አብረን እንሞክር። አንዱ ከጎደለ ግን አትጥሩኝ ሳይሆን ቶሎ ጥሩኝ ነው የምለው።

በአየር የሚመልሱ ካሉ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ከ80 ይጀምር፣ ከ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይለፍ። በአየር ከተቀደደ ሆዱ ተወጥሮ ትንፋሹን ያቆመዋል፤ 16 ወይም 18 ቁጥር ካኑላ ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ ብሎ መሐል ላይ ወግታችሁ አየሩን አስወጡ፣ ቀዶ ክፍል እስክትደርሱ አትጠብቁ። ያ ካኑላ ተከፍቶ አጠገብ ካልተቀመጠ አየር አይጀመር።

---

አምባሰል 11 (አይኢኤስኦ፣ ማለትም ሐኪም ያልሆነ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል)

እኛ ጋ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አስፋልት ነው። ከደላንታ ወይም ከቦረና ገጠር የሚወጣው ግን ክረምት ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሆዱ የደረቀ ልጅ በዚያ መንገድ መላክ ነው ወይስ እዚሁ መክፈት?

---

ቦርከና

ሆዱ ከደረቀ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰውና ደም ካለ እዚያው ክፈተው። ደክሞት እዚህ ከሚደርስ አንተ ጋ የተከፈተ ይሻለዋል። ሆዱ ለስላሳ ከሆነና ፈሳሽ ወስዶ ከተነሳ ግን ላከው፤ ኦፕራሲዮን ሳይነካው ሊድን የሚችል ልጅ ነው።

ስትከፍት፦ ለሕፃን ከእምብርት ከፍ ብሎ በቀኝ በኩል አግድም፤ ለትልቅ ልጅ መሐል ለመሐል። ያበጠውን ጫፍ ፈልግና ከታች ወደ ላይ በእርጥብ ጋዝ በሁለት እጅ እየጨመቅህ ግፋው። ከላይ ያለውን ቀጭን አንጀት ይዘህ አትጎትት፣ ይቀደዳል። የመጨረሻው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው የሚያስቸግረው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨብጠህ ብትይዘው እብጠቱ ሟሽሾ ይወጣል። ሲጨመቅ የላይኛው ሽፋን መሰንጠቅ ከጀመረ አቁም፣ መቁረጥ ነው።

ከወጣ በኋላ በሞቀ ሳላይን በተነከረ ጋዝ ጠቅልለህ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቀይ መመለሱን፣ ሲነካ መንቀሳቀሱን፣ በመሴንተሪው (የአንጀቱን ደም ስሮች በያዘው እጥፋት) የደም ትርታ መኖሩን እይ። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ቆርጠህ አውጣው። ልጁ የተረጋጋ ከሆነ ጫፍ ለጫፍ ሰፍተህ ዝጋ፤ ሾክ ላይ ካለና ሆዱ በመግል ከተሞላ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ውጭ አውጣ፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከመዝጋትህ በፊት ቀጭኑን አንጀት ከሲከም ወደ ላይ አንድ ሜትር ያህል ሂድበት፣ ሜከል እንዳያመልጥህ። ሲከም ላይ ያበጠ ንፍፊትን ዕጢ ነው ብለህ አትቁረጠው። ትርፍ አንጀቱን ማውጣት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ቀኝ ጎኑ ላይ ጠባሳ ያየ ሐኪም ኋላ እንዳይሳሳት።

---

ጋዝና ትንፋሽ (ማደንዘዣ)

ይህ ልጅ ጨጓራው ሙሉ ነው፣ ስንት ሰዓት ቢጾምም። ኤንጂውን ምጠጡና ከዚያ ፈጣን ኢንዳክሽን (በማደንዘዣ ቶሎ ማስተኛት)። ኬታሚን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም በኪሎ፣ በሾክ ላይ ላለው ዝቅተኛው መጠን። ሳክሲኒልኮሊን ለሕፃን 2 ሚሊግራም በኪሎ። ፈሳሹ ሳይሟላ የተኛ ልጅ ኢንዳክሽኑ ላይ ነው ልቡ የሚቆመው፤ "ቶሎ ቶሎ" የሚል ሐኪም ቢቆጣም 30 ደቂቃ ፈሳሽ ይውሰድ።

ሌላው ብርዱ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የሐምሌ ሌሊት ቀዶ ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ነው። ጭንቅላቱን በጥጥና በኮፍያ፣ እጅ እግሩን በጥጥ ጠቅልሉ፣ ፈሳሹን አሙቁ፣ የአንጀቱንም ጋዝ አሙቁ። የቀዘቀዘ ሕፃን ከማደንዘዣ አይነቃም፣ ደሙም አይረጋም።

---

ከጦሳ ሥር

በሳላይን ከተመለሰ በኋላ ስላለው ልጨምር። ትኩሳት 38.5 ሊደርስ ይችላል፤ ከቆሰለው አንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም ስለሚሾልክ ነው፣ ብቻውን ከሆነና ሆዱ ለስላሳ ከሆነ አያስደነግጥም። ልጁ ከነቃና ካላስመለሰ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር። ከ10 አንዱ ያህሉ ይመለስበታል፣ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ውጭ አገር አንዳንዶች በጥቂት ሰዓት ያሰናብታሉ፤ ቤቱ ደሴ ከተማ ያልሆነን ልጅ ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ቢመለስበትም እንደገና በሳላይን ይሞከራል፣ ሁለተኛ መምጣቱ ብቻውን ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ደጋግሞ ከመጣ ወይም ልጁ ከ5 ዓመት በላይ ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን ምክንያት መፈለግ ነው። እግሩና መቀመጫው ላይ ሐምራዊ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ሄኖክ ሾንላይን (የትናንሽ ደም ስሮች ብግነት) ነው፤ እሱ ቀጭኑ አንጀት ላይ ስለሚሆን ሳላይኑ አይደርስበትም።

ሌላ የሚያሳስት፦ "መቀመጫው ወጣ" ተብሎ የሚመጣ። ጓንት ያደረገ ጣት በወጣው ሥጋና በፊንጢጣው ዙሪያ መካከል አስገቡ። ጣቱ ወዲያው ከቆመ ተራ የፊንጢጣ መውጣት ነው። ጥልቅ ከገባ ኢንተሰሰፕሽን ነው፣ በእጅ ገፍቶ መልሶ መሸኘት ልጁን መግደል ነው።

---

ቦርከና

አዋቂ ላይ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው አዋቂ፤ ከ10 በ8 ወይም 9ኙ ግን ውስጡ ምክንያት አለ። ቀጭኑ አንጀት ላይ ሊፖማ፣ ፖሊፕ፣ የቆየ ጠባሳ ይበዛል፤ ትልቁ አንጀት ላይ ከሆነ ከግማሽ በላይ ካንሰር ነው። ኤችአይቪ ካለበት ሊምፎማን አስቡ፤ ከንፈሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ፖይትስ ጄገርስን (በዘር የሚወረስ የአንጀት ፖሊፕ በሽታ)።

ሕመምተኛው ለወራት "ጨጓራ ነው፣ ትላትል ነው" እየተባለ ኦሜፕራዞልና አልቤንዳዞል ሲወስድ የቆየ ነው። ይዞ የሚለቅ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ። እብጠቱ ዛሬ ይዳሰሳል ነገ ይጠፋል፤ ይህ ራሱ ፍንጭ ነው። ምርመራው ሲቲ ስካን ነው፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ በመሐሉ ስብና የደም ስር ይታያል። በሌላ ምክንያት በተነሳ ሲቲ ላይ አጭር፣ ከ3.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ቀጭኑ አንጀት ላይ ያለ፣ መዘጋት የሌለው ከተገኘ አይከፈትም፤ ይከታተሉት።

በአዋቂ ሳላይን አይሞከርም፤ ብትመልሰውም ዕጢው እዚያው ነው። ትልቁ አንጀት ላይ ያለውን ሳትመልስ እንዳለ ከነንፍፊቱ ቆርጠህ አውጣ፤ ከጨመቅኸው የካንሰር ሴል ትበትናለህ፣ የሞተውንም ትቀድዳለህ። ቀጭኑ አንጀት ላይ ሆኖ ደህና ከሆነ ግን በቀስታ መልሰህ ማሳጠር ይቻላል፣ ሁለት ሜትር አንጀት ለአንዲት ሊፖማ አይጣልም። የወጣው ሁሉ ለፓቶሎጂ ይላክ፤ ፎርማሊን የለም ተብሎ የተጣለ ናሙና በሽተኛውን ያለ ምርመራ ያስቀረዋል።

---

ወገልጤና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ እናቶች "ክትባቱ ነው ያመጣው" ይላሉ። ሮታ (ለሕፃናት የቫይረስ ተቅማጥ የሚሰጠውን) ማለታቸው ነው።

---

ከጦሳ ሥር

የመጀመሪያው የሮታ ክትባት፣ ሮታሺልድ፣ በዚህ ምክንያት በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። አሁን ያለው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በ2013 እ.ኤ.አ. ጀምራዋለች። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ከክትባቱ በኋላ የጨመረ አደጋ አላገኘም። በሌሎች አገሮች ጥቂት ጭማሪ ታይቷል፣ ከ100,000 ሕፃናት በጣት የሚቆጠር፤ ሮታ ራሱ በተቅማጥ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ክትባቱ ይቀጥል። አንድ ጊዜ ኢንተሰሰፕሽን የያዘው ልጅ ግን ቀሪ የሮታ መጠን ካለበት አይሰጠው፤ ሌሎቹን ክትባቶች ሁሉ ይውሰድ። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉለት፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚያነቡት እሱን ነው።